የመፈተን መብትና የመፈተኛ ወንበር፦ በእንግሊዝ በቤታቸው የሚማሩ ልጆች የፈተና ጣቢያ ፍለጋ

(ትንታኔ)

ፈተና የአንድን ወጣት ቀጣይ የትምህርትና የሥራ ሕይወት ከሚወስኑ ጉዳዮች መካከል አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ስለ ፈተና ሲነሳ በአብዛኛው ትኩረት የሚሰጠው ለጥያቄዎቹ ይዘት፣ ለኩረጃ መከላከልና ለውጤቱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ምላሽ ማግኘት ያለበት ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ። ይኸውም ተፈታኙ የት ተቀምጦ ይፈተናል? የሚለው ነው። በመደበኛ ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ ይህን ጥያቄ ላያስበው ይችላል። ትምህርት ቤቱ ይመዘግበዋል፣ የተፈታኝ ቁጥርና ወንበር ይሰጠዋል፣ ቀኑ ሲደርስም ይፈተናል። ከትምህርት ቤት ውጭ ለሚማር ግን የሁሉም ነገር መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች መካከል እንግሊዝ ትጠቀሳለች። የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር የአካባቢ አስተዳደሮችን ሪፖርት መሠረት አድርጎ ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጸው ወቅት 92,000 የነበረው በቤታቸው የሚማሩ ልጆች ቁጥር በ2024 ተመሳሳይ ወቅት ወደ 111,700 ከፍ ብሏል። እነዚህ ልጆች በተለያየ የዕድሜ ክልል የሚገኙ በመሆናቸው ሁሉም ለፈተና የደረሱ አይደሉም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ እያደገ በሄደ መጠን፣ 16 ዓመት ሲሞላቸው የፈተና ጣቢያ የሚፈልጉ ወጣቶች ቁጥርም አብሮ እንደሚያድግ እሙን ነው።

የችግሩ ባሕርይ ሲመረመር መነሻው ክልከላ አለመሆኑን መረዳት ይቻላል። የአገሪቱ ሕግ ልጅን በቤት ማስተማርን ይፈቅዳል፤ የፈተና ሥርዓቱም በግል መፈተንን አይከለክልም። ነገር ግን የግል ተፈታኙን ተቀብሎ የማስፈተን ግዴታ የተጣለበት ትምህርት ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት የለም። መብቱ አለ፤ ለመብቱ ኃላፊ የሆነ አካል ግን በስም አልተጠቀሰም።

ሕጉ የፈቀደውና ያላሟላው

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የትምህርት ሕግ በአንቀጽ 7 እንደሚደነግገው፣ ወላጅ ለትምህርት የደረሰ ልጁ ለዕድሜው፣ ለችሎታውና ለዝንባሌው የሚስማማ የሙሉ ጊዜ ትምህርት እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ አለበት። ግዴታው የሚፈጸመው ልጁ ትምህርት ቤት አዘውትሮ በመሄድ ወይም «በሌላ መንገድ» በመማር ሊሆን እንደሚችል ሕጉ ይገልጻል። የቤት ውስጥ ትምህርት ሕጋዊ መሠረቱን የሚያገኘው «በሌላ መንገድ» ከሚለው ሐረግ ሲሆን፣ ተመሳሳይ አገላለጽ በ1944ቱ የትምህርት ሕግም ውስጥ ነበረ። ሕጉ በቤት የሚማር ልጅ የተወሰነ ሥርዓተ ትምህርት እንዲከተል ወይም አገር አቀፍ ፈተና እንዲወስድ አያስገድድም።

የትምህርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2019 ለአካባቢ አስተዳደሮች ያወጣው መመሪያ ደግሞ ልጃቸውን በቤት ለማስተማር የመረጡ ወላጆች የፈተና ወጪን ጨምሮ ሙሉውን የገንዘብ ኃላፊነት እንደሚወስዱ በግልጽ አስቀምጧል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የፈተና ክፍያ ከትምህርት ቤቱ በጀት የሚሸፈን ሲሆን፣ በቤቱ የሚማረው ልጅ ወጪ በወላጁ ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ይህ አሠራር የመርጦ አድራጊ ዕዳ ለመርጦ አድራጊው ነው ከሚል አስተሳሰብ የመነጨ ሊመስል ይችላል። እርግጥ ነው፣ በእምነታቸው ወይም በትምህርት ፍልስፍናቸው ምክንያት ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ። ልጃቸው በትምህርት ቤት ጥቃት ስለደረሰበት፣ በሕመም ወይም በአእምሮ ጤና መታወክ ምክንያት ክፍል ገብቶ መማር ስላልቻለ፣ አልያም የሚያስፈልገውን ልዩ ድጋፍ ስላላገኘ ከትምህርት ቤት ያስወጡ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ቤተሰቦች የቤት ውስጥ ትምህርት የምርጫ ሳይሆን የመጨረሻ አማራጭ ጉዳይ ነው።

ፈተናው በሕግ ግዴታ ባይሆንም በተግባር የሚታለፍ አይደለም። በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውና በተለምዶ በ16 ዓመት ዕድሜ የሚወሰደው የጂሲኤስኢ ፈተና የቀጣዩ ደረጃ መግቢያ በር ነው። ኮሌጆችና አሠሪዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በሒሳብ ቢያንስ 4 የሚባለውን የማለፊያ ነጥብ ይጠይቃሉ። ከ2015 ወዲህ ወጣቶች እስከ 18 ዓመታቸው በትምህርት ወይም በሥልጠና ውስጥ እንዲቆዩ የሚጠበቅ በመሆኑ፣ ያለ ውጤት የቀረ ልጅ ከትምህርት ሳይሆን ከሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ ይርቃል ማለት ነው።

ጣቢያ የሚታጣው ለምንድን ነው?

በእንግሊዝ ፈተናዎቹን የሚያዘጋጀው አንድ መንግሥታዊ ድርጅት አይደለም። ኤኪውኤ፣ ኦሲአር እና ፒርሰን ኤዴክሴል የተባሉት የፈተና ቦርዶች፣ እንዲሁም መነሻው ዌልስ የሆነው ዳብሊውጄኢሲ ፈተናዎችን በየራሳቸው ያዘጋጃሉ። ኦፍኳል የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ ደረጃቸውን ይከታተላል። ቦርዶቹ ግለሰብን በቀጥታ አይመዘግቡም። ምዝገባው የሚከናወነው ዕውቅና በተሰጠው የፈተና ጣቢያ አማካይነት ብቻ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ናቸው።

ጣቢያ መሆን ቀላል ኃላፊነት አይደለም። የፈተና ወረቀቶች በተቆለፈ ክፍል፣ በካዝና ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። በተፈታኞች መካከል ቢያንስ 1.25 ሜትር ርቀት ሊኖር ይገባል። በጽሑፍ ፈተና ለ30 ተፈታኞች ቢያንስ አንድ ፈታኝ ይመደባል። የተፈታኙ ማንነት በመታወቂያ መረጋገጥ አለበት። የፈተና ቦርዶቹ የጋራ ምክር ቤት ተቆጣጣሪዎችም ያለ ማስጠንቀቂያ መጥተው ሊፈትሹ ይችላሉ። ጥሰት ከተገኘ ተጠያቂው የጣቢያው ኃላፊ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አንጻር ሲታይ የማያውቀውን ተፈታኝ መቀበል ሥራና ኃላፊነት የሚጨምር እንጂ ጥቅም የሚያስገኝ አይደለም። ፈተናው በሚሰጥባቸው የግንቦትና የሰኔ ወራት አዳራሾቹ በራሱ ተማሪዎች ይሞላሉ። የግል ተፈታኙ ከሌላ ቦርድ ፈተና የሚፈልግ ከሆነም ተጨማሪ ሰዓት፣ ተጨማሪ ክፍልና ተጨማሪ ፈታኝ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ለግል ተፈታኞች ቢዘጉ ሊያስገርም አይገባም። ተግባሩ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እስከሆነ ድረስ እምቢታው ሕግ መጣስ አይሆንም።

በሌላ በኩል የትምህርቱ ዓይነትም ምርጫውን ያጠበዋል። በአንዳንድ የትምህርት ዓይነቶች ውጤቱ በጽሑፍ ፈተና ብቻ አይወሰንም። በዲዛይንና ቴክኖሎጂ የጂሲኤስኢ ትምህርት ግማሹ ነጥብ የሚገኘው ተማሪው በመምህር ክትትል ከሚሠራው ፕሮጀክት ነው። በኤ ሌቭል ደረጃ በታሪክና በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 20 በመቶው ነጥብ ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚመነጭ ነው። ሥራው በእርግጥም የተማሪው መሆኑን የሚያረጋግጠው ጣቢያው በመሆኑ፣ ተማሪውን አይቶት የማያውቅ መምህር ፊርማውን ለማኖር ይቸገራል።

ይህን ለማለፍ ብዙ ቤተሰቦች ኢንተርናሽናል ጂሲኤስኢ ወደሚባለው ፈተና ያዘነብላሉ። በብዙ የትምህርት ዓይነቶች ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ የሚሰጥ በመሆኑ በቤት ለሚማር ልጅ አመቺ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ፈተና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የውጤት ሰንጠረዥ ውስጥ ስለማይቆጠር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው አይሰጡትም። ከዚህ የተነሳ ቤተሰቡ በቅርቡ ያለውን ትምህርት ቤት ትቶ ራቅ ያለ የግል ትምህርት ቤት ወይም በክፍያ የሚሠራ የፈተና ጣቢያ ለመፈለግ ይገደዳል። ለልጁ የሚመቸው ፈተናና በአቅራቢያው ያለው አዳራሽ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተፈታኞች ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። ተጨማሪ ሰዓት፣ አንባቢ ወይም ጸሐፊ እንዲመደብለት የሚፈልግ ተፈታኝ ፍላጎቱ በባለሙያ ተመርምሮ በጣቢያው በኩል መቅረብ አለበት። ድጋፉ የልጁ የተለመደ የአሠራር መንገድ መሆኑንም ጣቢያው ማሳየት ይጠበቅበታል። በትምህርት ቤት ለዓመታት የሚታወቅ ልጅ ማስረጃው በመዝገብ ላይ ይገኛል። የግል ተፈታኙ ግን ማስረጃውን ከመነሻው ማሰባሰብ አለበት። ከትምህርት ቤት የወጣው ድጋፍ አጥቶ ከሆነ፣ ያው ችግር በፈተናው በር ላይ ይጠብቀዋል።

ጊዜና ገንዘብ

የበጋው ወቅት ፈተና የምዝገባ ማብቂያ በአብዛኛው በየካቲት ወር አጋማሽ ላይ፣ በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 21 ነው። ከዚያ በኋላ የሚመዘገብ የቅጣት ክፍያ ይጨመርበታል። የግል ተፈታኞችን የሚቀበሉ ጣቢያዎች ቦታቸው ውስን በመሆኑ ከዚህ ቀን ቀደም ብለው ምዝገባ ሊዘጉ ይችላሉ። በመሆኑም አሠራሩን የማያውቅ ወላጅ ልጁ ትምህርቱን አጠናቆ ለፈተና በተዘጋጀበት ሰዓት ወንበር ያጣል።

ክፍያው በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ለፈተና ቦርዱ የሚከፈል ሲሆን ሁለተኛው ጣቢያው ለአስተዳደር ሥራና ለፈታኞች የሚያስከፍለው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ100 ፓውንድ ይበልጣሉ። ለምሳሌ ለአንድ የትምህርት ዓይነት 150 ፓውንድ የሚከፍል ቤተሰብ አምስት የትምህርት ዓይነቶችን ለማስፈተን 750 ፓውንድ ያወጣል። አብዛኞቹ የትምህርት ዓይነቶች በተለያዩ ቀናት የሚሰጡ ሁለት ወይም ሦስት ወረቀቶች ስላሏቸው፣ ጣቢያው ሩቅ ከሆነ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ይጨመራል። ሁለትና ሦስት ልጆች በቤት የሚያስተምር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የትምህርት ዓይነቶችን ቁጥር ለመቀነስ ወይም ፈተናውን ከዓመት ዓመት ከፋፍሎ ለመስጠት ይገደዳል።

እ.ኤ.አ. 2020 ያጋለጠው ክፍተት

ለዓመታት በየቤቱ ሲንከባለል የቆየው ይህ ችግር የአደባባይ ጉዳይ የሆነው በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ወቅት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መጋቢት 2020 ላይ ትምህርት ቤቶች እንደሚዘጉና የዚያ ዓመት ፈተናዎች እንደማይሰጡ አስታወቀ። በምትኩ ውጤቱ በመምህራን ግምት ላይ እንዲመሠረት ተወሰነ። ውሳኔው ለትምህርት ቤት ተማሪዎችም ውዝግብ ያስነሳ ቢሆንም፣ ቢያንስ የሚያውቃቸው መምህር ነበራቸው። የግል ተፈታኙ ግን ውጤቱን የሚገምትለት መምህር አልነበረውም። ጣቢያዎች ውጤት መስጠት የሚችሉት የተፈታኙን ሥራ በበቂ ሁኔታ አይተው ማረጋገጥ ሲችሉ ብቻ እንዲሆን በመወሰኑ፣ ተመዝግበውና ከፍለው የነበሩ በርካታ የግል ተፈታኞች በዚያ ክረምት ያለ ውጤት ቀሩ። የቀረላቸው አማራጭ በመጸው ወቅት የተዘጋጀውን ፈተና መጠበቅ ሲሆን፣ ለመስከረም የኮሌጅ መግቢያ ግን አልደረሰላቸውም።

በቀጣዩ ዓመት ፈተናው በድጋሚ ሲሰረዝ መንግሥት አካሄዱን አሻሻለ። የግል ተፈታኞች ሥራቸውን ለጣቢያ አቅርበው እንዲመዘኑ ተደረገ። ይህን ለሚያከናውኑ ጣቢያዎች ለእያንዳንዱ ምዝገባ 200 ፓውንድ ድጋፍ ተመደበ። ተፈታኞችን የሚቀበሉ ጣቢያዎች ዝርዝርም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። እርምጃው ከአንድ ዓመት በፊት የማይቻል ይመስል የነበረው ሥራ የተወሰነ ገንዘብ፣ ግልጽ መመሪያና የታወቀ ዝርዝር ሲኖር ሊከናወን እንደሚችል አሳይቷል።

የአገሪቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትምህርት ጉዳዮች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 ባወጣው ሪፖርት ጉዳዩን አንስቷል። እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር በቤታቸው የሚማሩ ልጆች ፍትሐዊ የፈተና ጣቢያ ተደራሽነት እንዲያገኙ የማድረግ ግዴታ እንዲጣልበት፣ የመመዝገቢያ ወጪውንም መንግሥት እንዲሸፍን ኮሚቴው ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። ምክረ ሐሳቡ ሁሉም ትምህርት ቤቶች እንዲገደዱ አለመጠየቁ ልብ ሊባል ይገባል። ግዴታው የአካባቢ አስተዳደሩ ከሆነ፣ በአካባቢው አቅም ያለውን አንድ ኮሌጅ ወይም አዳራሽ መርጦ ማደራጀት በቂ ይሆናል። ኮሌጆች ከ2013 ጀምሮ ከ14 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን በቀጥታ ተቀብለው የመንግሥት በጀት ማግኘት መቻላቸውም ለዚህ አመቺ ሁኔታ ይፈጥራል።

ከዚያ ወዲህ የሕግ አውጪዎቹ ትኩረት በአመዛኙ ያረፈው በምዝገባ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ ልጆች መዝገብ እንዲቋቋም የሚደነግግ ረቂቅ ሕግ በታኅሣሥ 2022 ተቋርጦ ቀርቶ፣ በታኅሣሥ 2024 በሌላ ረቂቅ ሕግ ውስጥ ዳግም ለምክር ቤት ቀርቧል። መዝገብ ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ እንደሚረዳ አያጠራጥርም። ልጁ የት እንደሚፈተን ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ቤተሰቡ ስሙን ለማስመዝገብ ግዴታ ሲጣልበት፣ በአንጻሩ የሚያገኘው አገልግሎት በግልጽ ሊቀመጥለት እንደሚገባ የጉዳዩ ተከታታዮች ይከራከራሉ።

ከአገራችን ልምድ አንጻር

በአገራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና እስከ ዛሬ በሕዝቡ ዘንድ «ማትሪክ» እየተባለ ይጠራል። ስያሜው ቀደምት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ይወስዱት ከነበረው የለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተወረሰ ነው። ይሁንና ስሙ ከእንግሊዝ ይምጣ እንጂ የግል ተፈታኝ አያያዙ የተለየ መንገድ ተከትሏል። በኢትዮጵያ በቤት መማር እንደ እንግሊዝ የተለመደ ባይሆንም፣ ቀደም ሲል ተፈትነው ውጤታቸውን ለማሻሻል የሚፈልጉ፣ ከመደበኛው ትምህርት ወጥተው ራሳቸውን ያዘጋጁና ሌሎችም በግል ይፈተናሉ። ፈተናውን የሚያስተዳድረው መንግሥታዊ ተቋም በመሆኑ የመፈተኛ ቦታውን የሚመድበውም መንግሥት ነው። የግል ተፈታኙ ተቀባይ ፍለጋ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እንዲዞር አይጠበቅበትም።

የ2012 ዓ.ም. ፈተና በወረርሽኙ ምክንያት በተስተጓጎለ ጊዜም ፈተናው በመምህራን ግምት አልተተካም። ተላልፎ በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ ተሰጥቷል። መዘግየቱ የራሱ ጉዳት እንደነበረው የሚካድ አይደለም። በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ክልል የነበሩ ተማሪዎችም በዚያ ዙር ሊፈተኑ አልቻሉም። ይሁን እንጂ የሚገምትለት መምህር የሌለው የግል ተፈታኝ በዚህ አሠራር ከመደበኛው ተማሪ እኩል ፈተናውን ጠብቆ ሊቀመጥ ችሏል።

በመንግሥት መመደብ ሁሉንም ችግር ይፈታል ማለት አይደለም። የፈተና ስርቆትና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ መደረጉ ለበርካታ ተፈታኞች ከመኖሪያ አካባቢ ርቆ መጓዝን የሚጠይቅ ሆኗል። ሥራ ላለው፣ ልጅ ለምታጠባ ወይም አካል ጉዳት ላለበት የግል ተፈታኝ ወንበሩ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። መድረስ መቻሉም አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ችግሩ ወንበሩን የሚሰጥ መጥፋቱ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ትኩረት የሚሻው ተፈታኙ ከወንበሩ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ለአስፈጻሚ አካላት የሚያስተላልፈው ትምህርት

ከእንግሊዝ ተሞክሮ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚጠቅሙ ቁም ነገሮችን መቅሰም ይቻላል። የመጀመሪያው አንድ አገልግሎት ለዜጎች ክፍት ነው ተብሎ ሲደነገግ አገልግሎቱን የሚሰጠው አካል አብሮ መጠቀስ ያለበት መሆኑ ነው። «ማንም ሊፈተን ይችላል» የሚል ደንብ «ይህ መሥሪያ ቤት ያስፈትነዋል» በሚል ካልተደገፈ፣ ደንቡን ተጠቃሚ የሚሆነው ጊዜ፣ ገንዘብና መረጃ ያለው ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው መረጃን በወቅቱ ይፋ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ መሆኑ ነው። የተቀባይ ጣቢያዎች ዝርዝር፣ የክፍያ መጠንና የምዝገባ ማብቂያ ቀን በአንድ ቦታ ተሟልቶ ቢቀርብ፣ ተዘጋጅቶ ወንበር የሚያጣ ተፈታኝ ቁጥር እንደሚቀንስ ይታመናል። ሦስተኛው ደግሞ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚወጣ ዕቅድ ከመደበኛው መስመር ውጭ ያሉትን ከመነሻው ማካተት እንዳለበት ነው። በ2020 የግል ተፈታኞች ውጤት አልባ የቀሩት ማንም ሊጎዳቸው አስቦ ሳይሆን፣ ዕቅዱ ሲነደፍ ሁሉም ተፈታኝ መምህር አለው ተብሎ በመታሰቡ ነው።

በቤቱ ተምሮ ለፈተና የበቃ ልጅ ከአገሩ የሚጠይቀው የተለየ ጥያቄ ወይም የቀለለ ነጥብ አይደለም። የሚጠይቀው እኩዮቹ በሚፈተኑበት ቀንና ሰዓት እኩል የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ይህን ወንበር የማቅረቡ ኃላፊነት የማን እንደሆነ በግልጽ ደንግጎ ማስቀመጥ ደግሞ የሕግ አውጪውና የአስፈጻሚው ድርሻ ነው።